ከሣሩ በታች ያለው ሂሳብ

ከሆለታ ተነስቶ በአዲስ ዓለም፣ በጊንጪና በአምቦ አድርጎ ወደ ጉደር በሚዘልቀው መስመር ቤትና ይዞታ የሚያገናኝ ደላላ ስለ አንድ ግቢ ሲያስረዳ የሚዘረዝራቸው ነገሮች የታወቁ ናቸው። ስፋቱን፣ ካርታውን፣ ከአስፋልት ያለውን ርቀት፣ መብራቱንና ውሃውን ይነግራል። ገዥም ዋጋ የሚያስቀንሰው በእነዚሁ ነጥቦች ተከራክሮ ነው። ከተፈረመ በኋላ ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚበላው ነገር ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም። እሱም አፈሩ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ የመረጥኩት ምሳሌ ለብዙ አንባቢ ቅንጦት ሊመስል ይችላል። በጓሮ የሚሠራ ትንሽ የጎልፍ ሜዳ ነው። ፈረንጆቹ ፑቲንግ ግሪን ይሉታል። ሙሉ የጎልፍ ሜዳ ሄክታሮችን ይፈልጋል፤ ይህ ግን ሣሩ ምንጣፍ እስኪመስል ታጭዶ፣ ኳሷ በዝግታ ተገፍታ ወደ ጉድጓዷ የምትገባበት የመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው። የጉድጓዷ አፍ 108 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ለአንድ የእንግዳ ማረፊያ ወይም ለአንድ ቤተሰብ 100 ካሬ ሜትር በቂ ነው።

ጎልፍ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በአዲስ አበባ በአሮጌው ኤርፖርት አካባቢ የጎልፍ ክለብ እንደነበረ፣ በእንግሊዝ ኤምባሲ ሰፊ ግቢም ጨዋታው እንደኖረ የከተማው ነዋሪ ያውቃል። ይሁንና የተጫዋቹ ቁጥር ትንሽ ነው። ታዲያ ለምን አምቦ? መልሱ በመስተንግዶ ገበያው ውስጥ ነው። አምቦ ከአዲስ አበባ 120 ኪሎ ሜትር ግድም ብትርቅ ነው። ፍልውሃዋ ከቀድሞ ጀምሮ የቅዳሜና እሑድ እንግዳ ይስባል። የወንጪ መንደር እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል፤ የወንጪና የደንዲ ሐይቆችም ለዚሁ መስመር ጎብኚ ያመጣሉ። እንግዳውን ለአንድ ተጨማሪ ሌሊት ማሳደር የሚፈልግ ባለ ማረፊያ ከግቢው ውስጥ የሆነ መዝናኛ ያስፈልገዋል። ከውጭ የተመለሰ ወገንም እዚያ የለመደውን እዚህ ቢፈልግ የሚከለክለው የለም።

ይህን ምሳሌ የመረጥኩበት ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነው። የቤት ግድግዳ አንድ ሳንቲ ሜትር ቢሰምጥ በልስን ተሸፍኖ ዓመታት ይቆያል። በጎልፍ ሣር ላይ ግን አንድ ሳንቲ ሜትር ጉብታ ኳሷን ከመንገዷ ያስወጣታል። የጥቁር አፈርን ጠባይ ፈጥኖ የሚያጋልጥ ፈታኝ ቢፈለግ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። በዚህ የሚያልፍ ግቢ ለመናፈሻም፣ ለመረብ ኳስ ሜዳም፣ ለድንጋይ ንጣፍም ይሆናል።

ኮትቻ የሚባለው አፈር

አማርኛው ዋልካ ወይም መረሬ፣ ኦሮምኛው ኮትቻ ይለዋል። የአፈር ሊቃውንት ደግሞ ቨርቲሶል ብለው ይመድቡታል። በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሆነው መሬት ከዚህ ዓይነት ነው፤ ከዚህም ከ7 ሚሊዮን ሄክታር በላይ የሚሆነው በደጋው ክፍል ይገኛል። ከጊንጪ እስከ አምቦ ባለው ሜዳማ ቦታ በብዛት ይታያል። ወደ ዳገቱ ሲወጣ አፈሩ ይቀላል፣ ውሃም ያሳልፋል።

የዚህ አፈር ችግር የሚመነጨው ከሸክላው ዓይነት ነው። ሸክላው ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በሰኔና በነሐሴ መካከል መሬቱ ሞልቶ፣ ለስልሶና ተነፍቶ ጫማ ይነቅላል። በጥር ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፈታል። ይህ በየዓመቱ የሚደጋገም እንቅስቃሴ ነው። በላዩ የተቀመጠ ማንኛውም ነገር አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። ክፋቱ ደግሞ እንቅስቃሴው በየቦታው እኩል አለመሆኑ ነው።

እዚህ ላይ ገዥን የሚያታልል ነገር አለ። በየካቲት ግቢ ሊያይ የሄደ ሰው ውሃ ቢያፈስ ውሃው ወዲያው ይሰወራል። «ጥሩ ያሳልፋል» ብሎ ይደሰታል። ውሃው የገባው ግን በስንጥቁ ነው። ስንጥቁ ከጠገበና ከተዘጋ በኋላ ያው መሬት እንደ ገንቦ ውሃ ይይዛል። ስለዚህ ፈተናው እንዲህ ነው። አንድ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፈር። ውሃ ይሞላና ይደር። በማግስቱ እንደገና ይሞላ። የሚያስፈርደው የሁለተኛው ቀን ውሃ ነው። ሌሊቱን አድሮ እዚያው ከተገኘ ገዥው ስለ ዋጋ እንደገና ይነጋገር።

ገበሬው ቀድሞ የፈታው

ይህን ችግር ለመፍታት ከባሕር ማዶ አማካሪ መጥራት አያስፈልግም። የምዕራብ ሸዋ ገበሬ ጥቁር አፈሩን የዝናቡ ኃይል እስኪበርድ ጠብቆ፣ ከዚያ በቀረው እርጥበት ሽምብራና ጓያ ሲያበቅልበት ኖሯል። ብልሃቱ ብልሃት ነው፤ ኪሳራው ግን መሬቱ የዝናቡን ዋና ወራት ያለ ሥራ ማሳለፉ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው የጥቁር አፈር የጋራ ፕሮጀክት ይህን ለመለወጥ የተነሳ ነበር። መሥሪያ ቤቱን በአዲስ አበባ ያደረገው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የእንስሳት ሀብት ማዕከል፣ የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የዓለማያ ዩኒቨርሲቲና ሌሎችም ተሳትፈውበታል። ጊንጪ ከሙከራ ቦታዎቹ አንዷ ነበረች። ከሥራው የወጣው መሣሪያ ሁለት ማረሻ አጣምሮ የተሠራ፣ በበሬ የሚጎተት መደብና ቦይ ማውጫ ነው፤ ቢቢኤም በሚለው ስሙ ይታወቃል። 80 ሳንቲ ሜትር መደብ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ ያወጣል። ሰብሉ ከፍ ብሎ ይቆማል፣ ውሃው በዝቅታው ይሄዳል።

ለባለ ግቢው የሚሆነው ትምህርት እዚህ ውስጥ አለ። ገበሬው አፈሩን ሊለውጠው አልሞከረም። ሰብሉን አነሳው፣ ውሃውን አወረደው።

በከተማ የሚታየው ግን ተቃራኒው ነው። አንዳንዱ ሠራተኛ ሁለት መኪና አሸዋ አምጥቶ ከጥቁሩ አፈር ጋር ያቦካና «ለዘብ አደረግኩት» ይላል። አሸዋው ከሸክላው በእጅጉ ካልበለጠ በስተቀር ድብልቁ ሲደርቅ ከጡብ የማይተናነስ ይሆናል። ሌላው ደግሞ ጎድጓዳ ቆፍሮ በጥሩ አፈር ይሞላል። ሸክላው ውሃ ስለማያሳልፍ ያ ጎድጓዳ በሐምሌ መታጠቢያ ገንዳ ይሆናል፣ ሣሩም ሥሩ ይበሰብሳል።

ሂሳቡ በሜትር ኩብ

የአሜሪካ ጎልፍ ማኅበር የግሪን አሠራር መመሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። መርሆው ቀላል ነው። ከታች 10 ሳንቲ ሜትር ጠጠር፣ ከላዩ 30 ሳንቲ ሜትር አሸዋ፣ ከጠጠሩ ሥር ደግሞ ከአምስት ሜትር በማይበልጥ ርቀት የተዘረጋ ቀዳዳ ያለው 10 ሳንቲ ሜትር ቱቦ። የቱቦው ዝቅታ በ100 ሜትር ቢያንስ ግማሽ ሜትር ይሆናል። የሚያብጥ ሸክላ ባለበት ቦታ ጠጠሩና ጭቃው እንዳይዋሃዱ በመሐላቸው ጂኦቴክስታይል የሚባለው ጨርቅ ይነጠፋል።

ይህን ወደ 100 ካሬ ሜትር እናምጣው። ዋጋውን ሆን ብዬ በብር አልጻፍኩም፤ የብር ዋጋ በየሳምንቱ ይለወጣል፣ ሜትር ኩብ ግን ያው ሜትር ኩብ ነው። ጠጠሩ 10 ሜትር ኩብ፣ አሸዋው 30 ሜትር ኩብ ይሆናል። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ቢታሰብ አንድ ምልልስ ጠጠርና ሁለት ምልልስ አሸዋ ነው። ቱቦው ከሰብሳቢው ጋር 30 ሜትር ገደማ ይወስዳል።

አሁን ደግሞ ቁፋሮው። 40 ሳንቲ ሜትር ለመቅበር 40 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣል። ጥቁር አፈር ተቆፍሮ ሲፈታ ከሲሶ የማያንስ ስለሚጨምር ከ50 ሜትር ኩብ በላይ ይሆናል። ይህም አራት ምልልስ ማለት ነው። የሚደፋበት ቦታ ማግኘትም ሌላ ወጪ ነው። በሌላ አነጋገር ከሰባቱ ምልልስ አራቱ የሚከፈለው ማንም የማይፈልገውን ጭቃ ከግቢ ለማስወጣት ነው።

በዚህም ላይ ቱቦው ከመሬት በታች ከግማሽ ሜትር በላይ ይወርዳል። በሜዳማው ጊንጪ ወይም በአምቦ ሜዳማ ሰፈር ከዚያ ዝቅ ያለ የውሃ መውጫ ከየት ይመጣል? ካልተገኘ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት የገበሬውን መንገድ መከተል ነው። ግሪኑ አይቀበር፣ ይነሳ። የላዩ ሣርና ሥራሥር ይገፈፍ፣ መሠረቱ ትንሽ ተዳፋት ተደርጎ ይስተካከል፣ በዙሪያው ቦይ ይቆፈር። ከቦዩ የወጣው አፈር ለጎኑ ተዳፋት ይሁን። ጠጠሩና አሸዋው ከመሬት በላይ ይቀመጥ። አራቱ የጭቃ ምልልስ ይቀራል፣ ውሃውም በራሱ ክብደት ይወርዳል። የተረፈውን ገንዘብ ለጥሩ አሸዋ ማዋል ይሻላል።

ጊዜውም ዋጋ አለው። በጥር የተሰነጠቀ መሬት ላይ የተሠራ መሠረት ክረምት ሲገባ ያብጥና ግሪኑን ያጎብጣል። በነሐሴ ደግሞ ማሽንም ሰውም አይገባበትም። የሚሻለው ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ነው፤ አፈሩ እርጥበቱን ይዟል፣ ስንጥቁ ገና አልተከፈተም። መሠረቱ እንደተስተካከለ ሳይደርቅ ወዲያው መሸፈን አለበት። ሣሩ ሙቀቱ በሚጨምርበት በመጋቢትና በሚያዝያ ይተከላል። ባሕር ዛፍ በአጠገቡ ካለ ግን ቦታው ሌላ ጋ ይፈለግ። ባሕር ዛፍ ከሥሩ እርጥበቱን እየመጠጠ ስንጥቁን ያብሳል።

የማይታየው ሥራ ዋጋ

አሁን ወደ ገበያው እንመለስ። አንድ ባለ ማረፊያ ከሁለት ሠራተኞች ዋጋ ቢጠይቅ አንዱ ጠጠሩን፣ ጨርቁንና ቱቦውን አስልቶ ያቀርባል። ሌላው «አፈር አስተካክዬ ሣር ተክዬ አስረክባለሁ» ብሎ በጣም ዝቅ ያለ ዋጋ ይሰጣል። በመስከረም ሁለቱም እኩል አረንጓዴ ናቸው። ልዩነታቸው የሚታየው የሚቀጥለው ክረምት ሲገባ ነው። በዚያን ጊዜ ሁለተኛው ሠራተኛ ስልኩ አይነሳም።

ኢኮኖሚስቱ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ባወጣው ጽሑፍ ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ ያስረዳው ይህንኑ ነበር። ሻጭ የሚያውቀውን ገዥ ካላወቀ ገዥው ለጥሩውም ለመጥፎውም አንድ ዋጋ ይሰጣል፤ ጥሩውን የሚያቀርበው ከገበያ ይወጣል። በዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2001 ኖቤል ተሸልሟል። በእኛም አገር መሬት ውስጥ የሚቀበር ሥራ ሁሉ በዚህ በሽታ የተያዘ ነው። ሐቀኛው ሠራተኛ በጨረታ የሚሸነፈው ሰነፍ ስለሆነ ሳይሆን ሐቁ ከአፈር በታች ስለሚቀበር ነው።

መድኃኒቱ በውል ውስጥ ነው። አንደኛ፣ ክፍያ በንብርብር ይሁን። መሠረቱ ሲስተካከል፣ ቱቦው ሲዘረጋ፣ ጠጠሩ ሲገባ፣ አሸዋው ሲሞላ፣ እያንዳንዱ ከመሸፈኑ በፊት ታይቶና ተለክቶ ይከፈል። ሁለተኛ፣ በግንባታ ውል የተለመደው የመያዣ ገንዘብ አንድ ሙሉ ክረምት እስኪያልፍ አይለቀቅ። ሦስተኛ፣ ጠጠር ሲባል ጠጠር ይሁን። በጠጠር ፋንታ ገረጋንቲ የሚደፋ አለ። ገረጋንቲ ለመንገድ መሠረት የሚመረጠው ስለሚጠቀጠቅ ነው፤ ዱቄቱ ብዙ ስለሆነ ውሃ አያሳልፍም። ለሣር ሥር የሚፈለገው ከዱቄቱ የተነፋ ጠጠር ነው።

አሸዋውን ለመፈተን ላቦራቶሪ ባይኖር ጠርሙስ ይበቃል። ሲሶውን አሸዋ፣ የቀረውን ውሃ ሞልቶ በኃይል መናጥና ማስቀመጥ ነው። አሸዋው ወዲያው ይዘቅጣል። በላዩ ወፍራም የጭቃ ንብርብር ከተኛ መኪናው ሳያራግፍ ይመለስ።

ሰርዶና ዶላር

አንዳንዱ ይህን ሁሉ ሰምቶ «ሰው ሠራሽ ሣር አስመጥቼ ልገላገል» ይል ይሆናል። ሰው ሠራሹ ሣር ከማጨድና ከማጠጣት ያሳርፋል። ከሥሩ ያለውን ሸክላ ግን አያሳርፈውም። ያለ ጠጠር መሠረት በጥቁር አፈር ላይ ቢነጠፍ በአንድ ዓመት ውስጥ ማዕበል ይሠራል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ሂሳብ ተለውጧል።

የሚገርመው በሞቃት አገሮች ለጎልፍ የሚተከለው ዋናው ሣር በእኛ ደጃፍ የሚበቅል መሆኑ ነው። እነሱ ቤርሙዳ የሚሉት የእኛው ሰርዶ ነው። በአሜሪካ ጆርጂያ ቲፍተን በተባለች ከተማ ያሉ ተመራማሪዎች ሰርዶን ከደቡብ አፍሪካ ዘመዱ ጋር አዳቅለው ቲፍግሪን የተባለውን የጎልፍ ሣር እ.ኤ.አ. በ1956 አውጥተዋል። የደጃፋችን ሰርዶ እንደ ዲቃላው የለዘበ አይደለም፤ ኳሷም ትንሽ ትዘገያለች። በአምቦ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ በኅዳርና በታኅሣሥ ቁር መደብዘዙም አይቀርም። ለጓሮ ጨዋታ ግን ይበቃል። «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችው አህያ እንኳ የሰርዶን ጥንካሬ አውቃ ነው። አረሙን ለቅሞ፣ ሥሩን ቆርጦ የሚተክል አትክልተኛ በአገር ውስጥ ገንዘብ ይከፈለዋል። በየግቢው የሚታየው ኪኩዩ የሚባለው ወፍራም ሣር ግን ለዚህ አይሆንም፤ ከገባም ሰርዶውን ውጦ ይቀራል።

ከዚህም የረከሰ መንገድ አለ። ታዋቂው የአሜሪካ ፓይንኸርስት ቁጥር 2 ሜዳ እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ግሪኖቹ የአሸዋ ነበሩ። ደቃቅ አሸዋ በጠጠር ላይ ተደልድሎ፣ በትንሽ ውሃ ረጥቦ፣ በሮለር ተጠቅጥቆ ያጫውታል። የሣሩ፣ የማጨጃውና የዕለት ውሃው ወጪ ይቀራል። ፍላጎቱ መኖሩን ሳያረጋግጥ ገንዘቡን ማሰር ለማይፈልግ ሰው መጀመሪያው ይህ ቢሆን እመክራለሁ። እንግዳው ከወደደው ሣሩ በኋላ ይመጣል፤ መሠረቱ ያው ነው። ቀድሞ በሌላ አገር አሸዋው እንዳይበን ዘይት ይቀቡት ነበር። በምንጭ ውሃዋ በምትኖር ከተማ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መሬት ላይ ማፍሰስ ግን በሂሳብም በሕሊናም አይደገፍም።

ውሃው ከየት፣ ወዴት?

በደረቁ ወራት 100 ካሬ ሜትር ሣር በቀን ከ400 እስከ 500 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። በ20 ሊትር ጀሪካን ከ20 እስከ 25 ጀሪካን መሆኑ ነው። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ከጎረቤት ጋር መሻማት አይገባም። በአንጻሩ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚያገኝ 200 ካሬ ሜትር ጣሪያ 200 ሜትር ኩብ ውሃ ያወርዳል። ከዚያ የተወሰነውን በታንከር መያዝ ከመጀመሪያው ዕቅድ ውስጥ ይግባ። የማዕድን ውሃው በአካባቢው ስላለ በእሱ አጠጣለሁ የሚል ካለ ይተው። ለሆድ የሚስማማው ሶዲየምና ባይካርቦኔት ለሸክላ አፈር መድፈኛ ነው።

የመጨረሻውና ከባዱ ጥያቄ የሚወጣው ውሃ ነው። አንድ ጊዜ 30 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ በ100 ካሬ ሜትር ላይ 3,000 ሊትር ይወርዳል። አሥራ አምስት በርሜል ነው። በቢቢኤም ሥራ ጊዜም ከታዩት ችግሮች አንዱ ይህ ነበር፤ አንዱ ከማሳው ያጠነፈፈው ውሃ በጎረቤቱ ማሳ ላይ ይተኛል። በከተማ ዳር ያለ ግቢ ከጤፍ ማሳ ጋር ይዋሰናል። ባለ ማረፊያው ለእንግዳው ያደረቀው ውሃ የገበሬውን የዓመት ቀለብ ቢያበሰብስ የማረፊያው ትርፍ በሌላ ሰው ኪሳራ የተገኘ ነው ማለት ነው። ኢኮኖሚክስ ይህን የውጭ ወጪ ይለዋል። ጎረቤት የሚያውቀው ስም ግን ግፍ ነው። ቦዩ ወደ ጋራ መውረጃ የሚደርስበት መንገድ ከጎረቤትና ከከተማው አስተዳደር ጋር ተነጋግሮ ሳይያዝ ቁፋሮ መጀመር የለበትም።

ለደላሎቻችንም አንድ ሐሳብ ላቅርብ። የካርታው ቅጂ ሲቀርብ ከጎኑ የአንድ ሜትር ጉድጓድ ውጤት ይቅረብ። የአፈሩ ቀለም፣ በሁለተኛው ቀን የቀረው ውሃ፣ የውሃው መውጫ የት እንደሆነ፣ የአጎራባች ቤቶች ግድግዳ መሰንጠቅ አለመሰንጠቁ በግማሽ ገጽ ይጻፍ። ወጪው የሁለት ሰው የቀን ሥራ ነው። ቀይ አፈር ያለው ሻጭ የሚገባውን ዋጋ ያገኛል፣ ጥቁር አፈር የሚገዛውም የማጠንፈፊያውን ወጪ አስቀንሶ ይገዛል። እንዲህ ያለውን ወረቀት መጀመሪያ ይዞ የሚቀርብ ደላላ ገዥው ሌላ ቦታ ሲፈልግ ተመልሶ የሚደውለው ለእሱ ነው።